ስለማይታጠፈው ቢላ ፈተናና ስለ ሳሊማ መሸኛ

በጅዳና በመካ የሚኖሩ የቢስቲማና አካባቢው ተወላጆች ማህበር
የመሸኛ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ኮሚቴው፣ ብረቱ ወፍራም፣ አፉ ስል፣ እጀታው ጥቁር የሆነ አንድ የማይታጠፍ የበረሃ ቢላ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሰላም መድረሱን፣ በመንገድም አንዳች እንግልት እንዳላገኘው ለመላው አባላቱ በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። ቢላው ደረጃውን የወጣው በረሺድ ብብት ሥር ሆኖ ነው። አሳንሰሩ የማይሠራ መሆኑ በዚህ ስብሰባም በድጋሚ ተመዝግቧል።

ቀን፦ አርብ። (ሰብሳቢው በሂጅራ፣ ሳቢር በሀበሻ፣ ተሰናባቿ ደግሞ ቲኬቷ ላይ ባለው አቆጣጠር ይጻፍ ብለው ከተከራከሩ በኋላ፣ አርብ በመሆኑ ላይ ብቻ ስምምነት ተደርሷል።)

ቦታ፦ ጅዳ፣ በግዳዲያ፣ ራቢዓና ሳሊማ በጋራ በተከራዩት ክፍል፣ በካርቶኖች መካከል።

ሰዓት፦ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሰብሳቢው ከመካ እስኪደርሱና እስኪያርፉ ተጠብቆ።

የተገኙ፦

1. አያ ዙበይር፣ ሰብሳቢ። መካ፣ መንሱር ሰፈር ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ የሽቶ ነጋዴ። ቢስቲማን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ስለ ቢስቲማ ግን ከሁሉም በላይ የሚናገሩት እርሳቸው ናቸው።
2. ራቢዓ፣ ምክትል ሰብሳቢ። የሰው ቤት ሠራተኛ። ሰብሳቢው ቀርተው ስለማያውቁ እስካሁን ሰብስባ አታውቅም።
3. ሳቢር፣ ደንብ ተቆጣጣሪ። በአንድ ካርጎ ቤት ሚዛን ላይ ይሠራል።
4. ረሺድ፣ ንብረት ክፍል። የጅዳ ኑዝላ ሰፈር ነዋሪ፣ የቤት ሾፌር። ከዛሬ ጀምሮ የቢላ ባለሙያ ነው፤ ሹመቱን የሰጠው ራሱ ነው።
5. ዓኢሻ፣ አባል። በስልክ፣ መካ ከአሠሪዋ ከመዳሟ ወጥ ቤት።
6. ጀውሀር፣ ጸሐፊ።
7. ሳሊማ፣ ተሰናባች። በተጋባዥነት፣ ያለ ድምፅ።

በስብሰባው ያልተገኘ ግን የተሰማ፦ ወንድሙ የሚባል፣ ሳሊማንና ዕቃዋን ኤርፖርት ለማድረስ የመጣ የፒክአፕ ሾፌር፤ ከታች፣ በጡሩምባ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሳቢር በስልክ ያለ ሰው እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራል ወይ ሲል ጠይቋል። ዓኢሻ ከስልኩ ውስጥ "ሙሉ ሰው ካልሆንኩማ ይሄን ሁሉ ሳህን ማን እያጠበው ነው?" በማለቷ ተቆጥራለች። ሆኖም መዳሟ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ዓኢሻ በአማርኛ መናገር ስለማትችል፣ በዚያን ጊዜ ከአፏ የሚወጣ ማንኛውም ቃል ለጉባኤው እንደተሰጠ መልስ እንዲወሰድ ሰብሳቢው ሐሳብ አቅርበው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ አንድ፦ የመሸኛ ስጦታን ስለመቀየር

ጸሐፊው እንዳስታወሰው፣ ኮሚቴው ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ በኸሩጅ ኒሃኢ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ለሚገባ አባል ሁሉ የነብር ሥዕል ያለበት አንድ ብርድ ልብስ ሲሰጥ ቆይቷል። ሳሊማ ግን ብርድ ልብሱን እንደማትፈልግ፣ በምትኩ ሥጋም አጥንትም የሚችል አንድ ጠንካራ ቢላ እንዲገዛላት በመጠየቋ፣ ረሺድ ከአንድ የበረሃ ዕቃ መሸጫ ገዝቶ አምጥቷል። ለጥንቃቄ ሲባል ብርድ ልብሱም ተገዝቷል።

ሳቢር ደንቡ "ብርድ ልብስ" እንጂ "ቢላ" እንደማይል ገልጾ፣ ለመሆኑ ሴት ልጅ የበረሃ ቢላ ምን ያደርግላታል ብሏል። ራቢዓ "ሳቢሮ፣ ባለፈው አርብ እዚህ ተቀምጠህ የበላኸውን ሥጋ በምን የቆረጥነው መሰለህ? በዱዓ ነው?" ስትል መልሳለች። ሳቢር ጥያቄውን አንስቷል።

ሰብሳቢው ተሰናባቿ ያለ ድምፅ እንድትናገር ፈቅደዋል። ሳሊማ ያለችው እንደሚከተለው ነው፦ "አያ ዙበይር፣ ዘጠኝ ዓመት በመዳም ቢላ ቆረጥኩ። እቆርጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ መሳቢያዋ ውስጥ እመልሳለሁ። ልጇ በረሃ የሚይዘው እንደዚህ ያለ ቢላ ነበረው፤ የበግ ወገብ በአንድ ምት ነው የሚቆርጠው። አንድ ቀን ቆርጬበት ስጨርስ ትንሽ በእጄ ይዤው ብቆይ፣ 'የላ ሳሊማ፣ መልሺው' አለኝ። አሁን ቢስቲማ ገበያው ዳር ቅቅል ቤት ልከፍት ነው። ክፍሉን እናቴ አግኝታልኛለች። ድስት አለኝ፣ ሳህን አለኝ፤ የቀረኝ መልሺው የማይለኝ ቢላ ነው። ብርድ ልብስ እንደሆነ እኛ ቤት ከሰዉ ቁጥር በልጧል፤ ላሚቱ እንኳ ነብር ለብሳ ነው የምታድረው።"

ላሚቱ ነብሩን አትፈራም ወይ የሚል ጥያቄ ከስልኩ ተነስቶ፣ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

ቤቱ በረጅሙ ከተወያየ በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

1.1 ቢላው ለሳሊማ ይሰጥ። ሆኖም ያልተፈተነ ስጦታ ማህበሩን በቢስቲማ ሕዝብ ፊት ሊያሳፍር ስለሚችል፣ አስቀድሞ ይፈተን።

በዚህ መካከል ረሺድ ቢላውን ለሰብሳቢው ሊያቀብል እጁን ሲዘረጋ፣ ሰብሳቢው ሁለት እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው "አዑዙቢላህ! ያ ወለድ፣ ቢላ እጅ በእጅ ይሰጣል እንዴ? ልትጣላኝ ነው?" ብለዋል። ቢላ ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ በሰጪና በተቀባይ መካከል ጠብ እንደሚገባ ሁሉም ከእናቱ የሰማ በመሆኑ፣ በጉዳዩ ላይ ተቃውሞ አልነበረም። ጠረጴዛ ስላልተገኘ ከሳሊማ ካርቶኖች አንዱ ጠረጴዛ ሆኖ ተሰይሟል።

1.2 ቢላውን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ "ለቅቄያለሁ" ይበል። ለቅቄያለሁ ያለ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በቢላው ላይ መብት የለውም፤ ያነሳው ሰው እንደተረከበ ይቆጠራል።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስገባው ሳቢር ሲሆን፣ ምክንያቱንም "ነገ ክርክር እንዳይመጣ" በማለት አስረድቷል። ዓኢሻ በዓረብኛ "ሓድር መዳም"፣ ማለትም "እሺ እመቤቴ" በማለት ድጋፏን ሰጥታለች። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ከታች ጡሩምባ ተሰምቷል።

አጀንዳ ሁለት፦ ፈተና

ረሺድ ስለ ቢላው ሰፊ ማብራሪያ ሰጥቷል። እንዳስረዳውም የአንድ ቢላ ወንድነት የሚለካው ብረቱ እጀታው አፍ ላይ ቆሞ እንደሆነ ወይም እስከ እጀታው ጫፍ ዘልቆ እንደሆነ ነው፤ ይህኛው ዘልቋል። ጀርባው የትንሽ ጣት ያህል ይወፍራል። እጀታው ላብ ቢነካው አያንሸራትትም። ከአፎቱ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅም ለብቻው ሊደመጥ ይገባዋል ብሎ ደጋግሞ አውጥቶ ከቶ አስደምጧል።

ራቢዓ ይህን ሁሉ ከየት እንደተማረው ጠይቃለች። ረሺድ የአሠሪውን ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ በስልኩ ከሚያያቸው ቪዲዮዎች እንደሆነ ሳይደብቅ ተናግሯል። ራቢዓ "ረሺዶ፣ ለመሆኑ አንተ ሽንኩርት ቆርጠህ ታውቃለህ?" ብላለች። ረሺድ ጥያቄው ግላዊ ነው ብሏል።

ራቢዓ በመቀጠል ቢላው የሚሄደው ወጥ ቤት ስለሆነ ፈተናውም በሥጋና በሽንኩርት ይሁን የሚል ሐሳብ አቅርባለች። ይህ ቢላውን ከክብሩ ማውረድ ነው ተብሎ በድምፅ ብልጫ ውድቅ ሆኗል። ፈተናው እንደሚከተለው ተካሂዷል።

ፈተና ሀ፣ ወረቀት። ቢላው ወረቀት ሳይዝ ሳይጎትት መቁረጥ አለበት ስለተባለና በክፍሉ ውስጥ ሌላ ወረቀት ስላልተገኘ፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ የመጀመሪያ ገጽ ለፈተና ውሏል። ጸሐፊው ተቃውሞውን ያስመዘገበው በሁለተኛው ገጽ ነው። አንባቢ ከላይ ያነበበው ከሁለት ቁራጭ ተገጣጥሞ መሆኑን ይወቅ። አልፏል።

ፈተና ለ፣ ጸጉር። ረሺድ በራሱ ክንድ ላይ እንዲሞክር ቢጠየቅ ፈታኝ ተፈታኝ መሆን አይችልም በማለቱ፣ የሳቢር ግራ ክንድ ቀርቧል። ቢላው ከአንጓ እስከ ክርን ያለውን ጸጉር በአንድ ጉዞ አንስቶታል። ሳቢር ሁለቱ ክንዶቹ ከዛሬ ጀምሮ የአንድ ሰው እንደማይመስሉ አመልክቷል። ሰብሳቢው "መሻአላህ በል፤ ይበቅላል" ብለዋል። አልፏል።

ፈተና ሐ፣ ገመድ። ረሺድ ወፍራም የተወጠረ ገመድ ያስፈልገኛል ብሎ ክፍሉን ሲቃኝ የሳሊማን ካርቶኖች አይቷል። ሳሊማ "ኧረ በአላህ! ከሱብሒ ጀምሮ ሳስር የዋልኩት ነው" ብላለች። ሰብሳቢው ገመዱ የሚቆረጠው ለራሷ ስጦታ ጥራት ሲባል እንደሆነ በእርጋታ አስረድተዋታል። አንድ ገመድ ለፈተና በቂ ሆኖ ሳለ ቢላው ከሚጠበቀው በላይ በመቁረጡ፣ በደስታ ብዛት አራቱም ካርቶኖች ተፈትተዋል። አልፏል።

ፈተና መ፣ እንጨት። ረሺድ እንዳለው በረሃ የወጣ ሰው ቢላውን እንጨት ላይ ደግኖ ጀርባውን እየመታ ይፈልጣል፤ ቢላ ከዚህ ወዲያ ፈተና የለውም። ማገዶ ስላልነበረ ሳሊማ የተቀመጠችበት በርጩማ ታስቧል። የሚሄድ ሰው በርጩማ አያስፈልገውም በሚል ምክንያት እንድትነሳ በአክብሮት ተጠይቃ ተነስታለች። መምቻ የሆነው የራቢዓ ዘነዘና ነው። ከብዙ ምት በኋላ የበርጩማው አንድ እግር ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የቢላው አፍ ግን አንዲት ጥርስ አላወጣም። ከሁለተኛው ፎቅ አንድ ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እየመታ አድናቆቱን ወይም ሌላ ነገር ገልጿል። አልፏል።

ፈተና ሠ፣ ሽታ። ይህ ፈተና በመርሐ ግብሩ አልነበረም። ሰብሳቢው ዕድሜ ልካቸውን በአፍንጫቸው እንደኖሩ አስታውሰው፣ ብረቱን አሽትተው "ዘይት ዘይት ይላል" በማለት ከኪሳቸው ጠርሙስ አውጥተው ስለቱን ከአናት እስከ ጫፍ የዑድ ሽቶ ቀብተውታል። ከዚህ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቢላውን በተለየ ዓይን እንዳየው ታዝበናል። አልፏል።

በዚህ ጊዜ ሳሊማ ማንም ሳያዛት ካርቶኑ ላይ የተለቀቀውን ቢላ አንስታ ዑዱን ጠርጋ፣ ለመሸኛዋ እራት የተዘጋጀውን የበግ እግር ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጣ በልታለች፤ ማለትም በጥርሷ ሳይሆን በቢላ በልታለች። መገጣጠሚያውን ሳትመታ ከፍታ፣ አጥንቱን በሁለት ምት ከፍላ፣ ሥጋውን ድስት ውስጥ ጨምራ፣ ቢላውን አጥባ ካርቶኑ ላይ መልሳ "ለቅቄያለሁ" ብላለች። ስትመልሰው ትንሽ በእጇ እንደቆየ ራቢዓ አይታለች። ፈታኝ ስላልተመደበለት ይህ ሥራ እንደ ፈተና አልተያዘም፤ ሥጋው ግን በኋላ ተበልቷል።

ዓኢሻ "እኔንም አሳዩኝ እንጂ!" በማለቷ ስልኩ ወደ ቢላው ዞሯል። ከዚያ ዓኢሻ "ያረቢ! መሻአላህ በሉ፣ መሻአላህ በሉ" ብላለች። ብለዋል። ከታች ጡሩምባ ተሰምቷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ቢላውን በመዳፋቸው እየመዘኑ፣ ይህ ቢላ ለአንድ ሰው አይበዛም ወይ የሚል ሐሳብ "እንዲያው ለውይይት ያህል" አንስተዋል። ለአረፋ በዓል የማህበሩ በግ በየዓመቱ በልመና ቢላ እንደሚታረድ፣ ይህም ለማህበሩ ነውር እንደሆነ አውስተዋል። ረሺድ ቢላው የበረሃ ቢላ ስለሆነ በረሃ የሚወጣ ሰው ዘንድ መቀመጥ እንዳለበት፣ ከአባላቱ መካከል ከአሠሪው ጋር በረሃ የሚወጣው ደግሞ እርሱ ብቻ እንደሆነ በሐዘን ተናግሯል። ሳቢር መጀመሪያውኑ ደንቡ ብርድ ልብስ እንደሚል ሁለት ጊዜ አስታውሷል።

ራቢዓ ተነስታ "ኧረ ጀማዓ! ፈትኑ ስትባሉ አጫችሁት እንዴ?" ብላለች። ሥርዓት እንድትይዝ ተነግሯታል።

ሳሊማ ሰብሳቢው ፊት ቆማ "አያ ዙበይር፣ ቃል ገብታችሁልኛል እኮ" ብላለች። ሰብሳቢው ቃሉን የገባው ኮሚቴው እንጂ እርሳቸው እንዳልሆኑ፣ ኮሚቴ ደግሞ የገባውን ቃል በድምፅ ብልጫ ማውጣት እንደሚችል ገልጸዋል። ይህን ሲናገሩ ወደ ቢላው እንጂ ወደ እሷ አላዩም።

ድምፅ ተሰጥቷል። ቢላው በማህበሩ እጅ ይቅር ያሉ፦ ሰብሳቢው፣ ረሺድ፣ ሳቢር። የተቃወመች፦ ራቢዓ። ጸሐፊው እጁ በጽሑፍ ስለተያዘ ማውጣት አልቻለም። ዓኢሻ "ሓድር መዳም፣ ሓላ መዳም፣ ሚያ ሚያ መዳም" በማለት ሐሳቡን በሦስት እጥፍ ደግፋለች። ወዲያው መዳሟ ስትወጣ "ምንድነው የወሰናችሁት? እኔኮ ሩዝ ጨምሪ ተብዬ ነው!" ብላ ድምፅዋ እንዲሰረዝ ጠይቃለች። ሳቢር ስለ ምልዓተ ጉባኤ የተወሰነውን አንብቦላታል። ዓኢሻ ያለችው በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ ሊሰፍር የሚችል አይደለም።

ስለዚህ፣

3.1 ቢላው የማህበሩ ቋሚ ንብረት ይሁን።

3.2 ለሳሊማ በደንቡ መሠረት ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ ይሰጥ።

3.3 ቢላው ስድስት ወር መካ፣ ስድስት ወር ኑዝላ ይቀመጥ።

3.4 ለክብሩ ሲባል በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል፤ ይህንንም ራቢዓ ትፈጽም።

ሰብሳቢው በውሳኔ 3.4 መሠረት ቢላውን ከነአፎቱ ካርቶኑ ላይ አስቀምጠው "ለቅቄያለሁ" ብለዋል። ራቢዓ ጨርቅ ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ቀድማ ስለገባች፣ ቢላውን ያነሳችውና ይዛላት የገባችው ሳሊማ ናት። ጉባኤው በዚያን ሰዓት የመጀመሪያው ስድስት ወር የመካ ነው የኑዝላ በሚለው ላይ ሰብሳቢውንና ረሺድን እየገላገለ ስለነበር ተቃውሞ አላቀረበም። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ከወጥ ቤት ወጥተዋል። ቢላው በራቢዓ አረንጓዴ ሻርፕ ተጠቅልሎ በሰብሳቢው ፊት በክብር ተቀምጧል።

ሳሊማ በውሳኔው ላይ ያላት አስተያየት ተጠይቃ "ኸላስ፣ ብርድ ልብሱን ስጡኝ" ብላለች። ፊቷ ላይ ቅሬታ አልታየም። ኮሚቴው ሰብሯን፣ ማለትም ትዕግሥቷን፣ አድንቆ፣ ለሌሎች ተሰናባቾች አርአያ እንድትሆን በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አድርጓል። ብርድ ልብሱን ወስዳ ወጥ ቤት ውስጥ ራሷ አጣጥፋ፣ ከካርቶኖቹ አንዱ ውስጥ ጨምራ፣ የተቆረጠውን ገመድ ቀጣጥላ አራቱንም እንደገና አስራለች።

አጀንዳ አራት፦ ዕቃ ስለማውረድ

የጡሩምባው ድምፅ ሳይቋረጥ መቀጠሉን ተከትሎ፣ ሰብሳቢው ወንዶቹ የእህታቸውን ዕቃ እንዲያወርዱላት አዘዋል። ሳቢር ከማውረዱ በፊት እንደ ልማዱ እያንዳንዱን ካርቶን በእጁ አንስቶ መዝኗል። ረሺድ ብርድ ልብሱ ያለበትን ካርቶን ትከሻው ላይ አድርጎ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ "ብርድ ልብስ እንዲህ ይከብዳል?" ብሎ የጠየቀ ሲሆን፣ ሳቢር በሙያው መሠረት "ነብሩ ነው የሚከብደው፤ ዳብል ነው" ብሎ አረጋግጦለታል።

ሳሊማ ከመውጣቷ በፊት በአገር ልማድ "በአወቅሁትም ባላወቅሁትም አፉ በሉኝ" ብላ ሁሉንም ለምናለች። ሰብሳቢው፣ ረሺድና ሳቢር "አፉ ብለንሻል" ብለዋል። ሳሊማ "ላለፈውም ለዛሬውም?" ስትል ጠይቃለች። ሰብሳቢው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ "ለዛሬውም፣ ልጄ፤ ይልቅ አንቺ ነሽ ለዛሬው አፉ የምትይን" ብለዋል። ሳሊማ ብላቸዋለች። ራቢዓ አቅፋ ሸኝታታለች። መኪናው ሄዷል።

አጀንዳ አምስት፦ የማስታወሻ ፎቶግራፍ

ኮሚቴው ከአዲሱ ንብረቱ ጋር ፎቶ እንዲነሳ ረሺድ ሐሳብ አቅርቦ ያለ ውይይት ጸድቋል። ሰብሳቢው መሐል ቆመው፣ ቢስሚላህ ብለው ሻርፑን ፈትተው፣ ለፎቶው እንዲያምር ከአፎቱ በፍጥነት መዘውታል።

የተመዘዘው ማማሰያ ነው።

ሳቢር የማን ማማሰያ እንደሆነ ጠይቋል። ራቢዓ "የኔ" ብላለች። ረሺድ ሦስቱን ፎቅ በሩጫ ወርዶ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ፣ በሩጫ ተመልሷል። አሳንሰሩ የማይሠራ መሆኑ በረሺድ ትንፋሽ በድጋሚ ተረጋግጧል። ለወንድሙ ስልክ ተደውሎ ካርቶኑን ይዞ እንዲመለስ ተጠይቋል። ወንድሙ እናንተ ስትሰበሰቡ ታች ስጠብቅ ውያለሁ፣ አሁን ደግሞ እናንተ ጠብቁ ብሎ ዘግቷል።

ረሺድ ድርጊቱ ሌብነት ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ራቢዓ ጸሐፊው ውሳኔ 1.2ን ከፍ ባለ ድምፅ እንዲያነብ ጠይቃለች። ተነቧል። ቀጥላ "አያ ዙበይር፣ ካርቶኑ ላይ አስቀምጠው ለቅቄያለሁ አላሉም?" ብላለች። ሰብሳቢው ብያለሁ ብለዋል። "ማን አነሳው?" ብላለች። ጸሐፊው ከማስታወሻው ሳሊማ መሆኗን አንብቧል። ራቢዓ "ያነሳው ምን ሆነ ይላል፣ ሳቢሮ? አንተ ነህ ያስገባሃት" ብላለች። ሳቢር የተላጨ ክንዱን እያሻሸ "ተረክባለች" ብሏል።

ረሺድ እንግዲያው ውሳኔ 1.2 ይሻር ብሏል። ሳቢር የዛሬ ውሳኔ ከተሻረ ተለይቶ ሳይሆን ሁሉም አብሮ መሻር እንዳለበት አስረድቷል። ዓኢሻ ከስልኩ ውስጥ በሳቅ እየተንፈቀፈቀች "ሓድር መዳም!" ብላለች፤ መዳሟ በዚያን ሰዓት ወጥ ቤት እንዳልነበረች ተጣርቷል። ረሺድ ቢያንስ የቀረው አፎት ስድስት ወር ኑዝላ ስድስት ወር መካ ይቀመጥ ብሎ ጠይቆ ደጋፊ አላገኘም።

ሰብሳቢው ማማሰያውን ይዘው እንደቆሙ ነበር። በዚህ መሐል ለራቢዓ ስልክ ከሳሊማ የድምፅ መልእክት ደርሶ ለጉባኤው ተሰምቷል። መልእክቱ ቃል በቃል ይህ ነው፦ "አሰላሙ ዓለይኩም። ቢላዬን በደንብ ስለፈተናችሁልኝ አላህ ይስጣችሁ፤ እኔ ብቻዬን እንዲህ አልፈትነውም ነበር። ረሺዶ፣ ሽንኩርት መቁረጥ አስተምርሃለሁ። ሳቢሮ፣ ክንድህን ሸፍን። አያ ዙበይር፣ አፉ ብለውኛል፣ አይርሱ። ቢስቲማን አይተው አያውቁም፤ ይምጡና በዚሁ ቢላ ቆርጬ ቅቅል አበላዎታለሁ። ቢላውን ግን አያሸቱትም። ሰጥታችሁኝ ብትሸኙኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወስጄ ስሄድ ግን... ኸላስ፣ ኤርፖርት ደረስን።"

መልእክቱ በሰብሳቢው ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ ተሰምቷል። ሰብሳቢው መጀመሪያ ጢማቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ከተንቀጠቀጠ በኋላ በግልጽ መሳቃቸው ተመዝግቧል። ቀጥለውም ቢላው በቢስቲማ በምን ሁኔታ እንደተያዘ በቦታው ተገኝቶ የሚቆጣጠር አንድ ልዑክ እንደሚያስፈልግ፣ ልዑኩም እርሳቸው እንደሆኑ አስታውቀዋል። ድስቱ ወርዶ፣ ሳሊማ የበለተችው ሥጋ ቀርቦ ተበልቷል። ሥጋው አጥንት ስባሪ እንዳልነበረበት ረሺድ ሳይጠየቅ ተናግሯል።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ ቤቱ በረጅሙ ከተወያየ በኋላ፣ በዛሬው ዕለት ከአጀንዳ አንድ እስከ አጀንዳ አምስት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ወስኗል። በዚህም መሠረት ማህበሩ ቢላ ገዝቶ፣ ፈትኖ፣ ወዶ፣ ነጥቆ አያውቅም። የሳሊማ በርጩማ እግርና የሳቢር ክንድ በውሳኔ ሊመለሱ ባለመቻላቸው በዚህ መሻር አይካተቱም። "አፉ ብለንሻል" የተባለው ውሳኔ ሳይሆን ቃል ስለሆነ እንዲሁ አይሻርም፤ ይህን ያስገቡት ሰብሳቢው ናቸው።

ስብሰባው የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተበትኗል። አባላቱ ጫማቸውን ሲፈልጉ ዓኢሻ አሁንም በስልክ ላይ እንደነበረች ተስተውሎ ተዘግቷል።

ጀውሀር፣ ጸሐፊ

እርማት፦ በዚህ ቃለ ጉባኤ የተገኙ አባላት ዝርዝር ተራ ቁጥር 7 ላይ "ሳሊማ፣ ተሰናባች። በተጋባዥነት፣ ያለ ድምፅ" ተብሎ የሰፈረው ስህተት ስለሆነ፣ "ሳሊማ፣ ባለቢላ" ተብሎ ይነበብ።